ዳገቱን ሞተር ይወጣዋል፤ ቁልቁለቱስ?

በአገራችን ብስክሌት ሲነሣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋና መቐለ ይጠራሉ። አዲስ አበባን የሚጠራት የለም፤ ክፍለ ከተማዋን ጉለሌንማ ጭራሽ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳ የሚደርስ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። ከዚያ እንጦጦ ማርያም ልድረስ ካለ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። እዚህ ሳይክል መግዛት ለብዙው ሰው የሚገፋ ዕቃ እንደመግዛት ነው፤ ጠዋት ተቀምጠህበት ትወርዳለህ፣ ማታ አጠገቡ እየሄድክ ትመልሰዋለህ።

ለዚህ ነው በባትሪ የሚሠራው ተጣጣፊ ብስክሌት ጉለሌ ውስጥ መሞከር ያለበት። ቦሌ ላይ ቢሞከር ጥሩ መሆኑን ከማወቅ በቀር የሚያስተምረን ነገር የለም፤ ሜዳ ላይ ያለ ሞተርም ይሄዳል። የዚህ መሣሪያ ጥቅምም ጉድለትም የሚታየው ከስድስት ኪሎ በላይ ነው። እኔም ከወዳጄ ተውሼ የሞከርኩት እዚያው ነው። ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ሞተሩ ከኋላው ጎማ መሐል ያለ፣ ጉልበቱ 250 ዋት፣ ባትሪው 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት፣ ክብደቱም ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ገበያ ላይ ከሚታዩት ተራው ዓይነት ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ዳገቱ። ከአንበሳ ግቢ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲውን አልፎ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውን መንገድ በእግሩ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። በጣም የቆመ አቀበት አይደለም፤ ነገር ግን ፋታ አይሰጥም። ሳንባ የሚፈትነው ርዝመቱ ነው። በባትሪው ብስክሌት ግን ላብ ሳያጠምቅ ይወጣል። እግር ፔዳል ይረግጣል፣ ሞተሩ ያግዛል፣ ሰውዬው እየተነፈሰ ሰላምታ መስጠት ይችላል። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ጋ ሲደርስ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ቢሮ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከተማችን ውስጥ በብስክሌት ሥራ ከመሄድ ሰውን የሚያግደው ከድካሙ ይልቅ ላቡ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ተራ ሞተር ኦክስጅን ስለሚያጥረው ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሰውም ሳንባ እንዲሁ ይቸገራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። አምስተርዳም ላይ 250 ዋት የሚሰጥ ሞተር ሽሮ ሜዳ ላይም 250 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ይህ ቴክኖሎጂ ከሌላው ዓለም ይልቅ ለእኛ ዓይነት ደጋ ከተማ የሚያደላ ነው።

ትንሿ ጎማም በዳገት ላይ ባለውለታ ናት። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ጎማው ባነሰ ቁጥር መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ይበረታል። በዚያ ላይ በዝግታ በሚወጣበት ጊዜ ሞተሩ ከትልቁ ጎማ ይልቅ ፈጠን ብሎ ስለሚሽከረከር ቶሎ አይግልም። ተጣጣፊ ብስክሌቶች ጎማቸው ያነሰው ሲታጠፉ እንዲያንሱ ተብሎ እንጂ ለዳገት ታስቦ አልነበረም፤ ቢሆንም ለጉለሌ ሰው ሳይታሰብ የመጣ ሲሳይ ነው።

ስሌቱን ለሚወድ አንባቢ እንዲህ ልበል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነብስክሌቱና ከነቦርሳው 100 ኪሎ ይሆናል። 100 ኪሎን 200 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 55 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተሩ ውስጥ የሚባክነውና ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ሲታገል የሚበላው ሲጨመርበት፣ ሰውዬው ምንም ባይረግጥ ከመስቀል አደባባይ ሽሮ ሜዳ መውጣት 110 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባትሪው የሚይዘው 360 ነው። አንድ መውጣት ከባትሪው ሩብ በላይ ይበላል ማለት ነው። ሻጩ «አንዴ ተሞልቶ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ቢልዎት ስለ ሜዳ መንገድና ስለ ቀላል ሰው እየተናገረ ነውና በግማሹ ይያዙለት። ግማሹም ቢሆን ደርሶ ለመመለስ ይበቃል።

ወጪውስ? ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ መብራት ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። አንድ ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት መብራት ብስክሌቱን ከስድስት ጊዜ በላይ ይሞላዋል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ከ100 ብር ባለፈበት አገር፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 በተመረቀበት አገር፣ ይህን ስሌት ደጋግሞ ማስላት ደስ ይላል። መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ሲያሳውቅ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ባትሪ ግን ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ብስክሌቶችን ያንቀሳቅሳል። ለምን ስለ ብስክሌቱ አልተወራም? መልሱ ብስክሌት በእኛ ዘንድ የልጅ መጫወቻ ወይም የድሃ መጓጓዣ ተደርጎ መታየቱ ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ሜልቦርን ላይ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ታሪክ እያለን በከረባት ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ዛሬም ይሳቅበታል።

አሁን ወደ መታጠፉ ልምጣ፤ ዋጋውን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነውና። ተጣጣፊ ብስክሌትን በዓለም ያስፋፉት እንግሊዛዊው አንድሩ ሪቺ የብሮምፕተን ብስክሌትን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሲጀምሩ፣ ዴቪድ ሆንም ዳሆን የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲያቋቁሙ፣ ብስክሌትን ከባቡር ጋር ለማጋባት መንገድ ከፈቱ። ከቤት እስከ ጣቢያ ትጋልባለህ፣ ታጥፈህ ትገባለህ፣ ወርደህ ዘርግተህ ትቀጥላለህ። በወረቀት ላይ ካየነው ለጉለሌ ከዚህ የተሻለ የለም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነሥቶ ምኒልክ አደባባይ ላይ ይቆማል፤ ማለትም ልክ ወደ ሰሜን ያለው አቀበት ሲጀምር። ቀሪውን በባትሪ መጨረስ ነበር።

በተግባር ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት 20 ኪሎ ብረት ይዞ ባቡር ውስጥ መግባት ለራስም ለሰውም ፈተና ነው። ሚኒባስ ታክሲውም ከዚህ አይሻልም። ስድስት ኪሎ ላይ ብስክሌቱን አጥፌ ወደ በሩ ስጠጋ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ፋዘር፣ ይሄ የሁለት ሰው ነው።»

«ታጥፏል እኮ ወንድሜ!»

«ቢታጠፍም ሰው ያስነሣል። የሁለት ትከፍላለህ፤ ካልሆነ ቀጣዩን ጠብቅ።»

እውነቱን ነው። ሰልፉ ላይ የቆመ ሕዝብ እያለ የአንድ ሰው ቦታ ለብረት መስጠት ነውር ነው። ከፍዬ ገባሁ፤ በጉልበቶቼ መሐል አቅፌው ተቀመጥኩ። ስለዚህ «ታክሲ ላይ ይዘውት ይሳፈሩ» የሚለውን ማስታወቂያ ይርሱት።

መታጠፉ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ቦታ ነው። በጉለሌ ብዙው ሰው የሚኖረው በግቢ ውስጥ በተደረደሩ ጠባብ ቤቶች ነው፤ ሳይክል ደጅ ይደር ማለት ደግሞ ለሌባ መስጠት ነው። የታጠፈው ግን አልጋ ሥር ባይገባ እንኳ ከቁም ሣጥኑ ጎን ይቆማል። መሥሪያ ቤትም ከጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ እርግጥ ጥበቃው ፈትሾና ተገርሞ፣ «ይሄ ሞተር ነው ሳይክል?» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሌላው ማስታወቂያ የማይነግረን ጥቅም የቴላዮው ዝቅታ ነው። እንደ ወንዶቹ ሳይክል እግር አንሥቶ መሻገር የለም፤ ቀሚስ የለበሰች እናት፣ ካባ የደረቡ ቄስ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ሁሉ ያለ ችግር ይቀመጡበታል። ከእኛ አለባበስ ጋር የሚስማማ ብስክሌት ካለ ይህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ መውጣት ነው። ችግሩ ያለው መውረዱ ላይ ነው።

የከተማዪቱ ታሪክ ራሱ የመውረድ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ብርዱ የጸናበትን፣ ማገዶም ያጠረበትን እንጦጦን ትተው ወደ ፍልውኃ አካባቢ የወረዱት በ1879 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህም የጉለሌ ሰው ጠዋት ወራጅ ነው፤ ሸማኔው ሸማውን፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ምጣድና ጀበናዋን፣ እንጨት ተሸካሚዋ እናት ከቁመቷ የሚረዝመውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዛ ትወርዳለች። መንገዱ የእነሱም ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ በጉለሌ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግረኛው፣ አህያው፣ ሚኒባሱና የከባድ መኪናው ጎማ አንዱን አስፋልት ይሻማሉ።

በዚህ መሐል በትንሽ ጎማ ቁልቁል መውረድ ምን ይመስላል? ዳገት ላይ ባለውለታ የነበረችው ጎማ አሁን ፊቷን ታዞራለች። ትልቁ ጎማ ተንደርድሮ የሚያልፈውን ጉድጓድ ትንሿ ትገባበታለች። የተነሣ የማንሆል ክዳን መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ይችላል። በውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተነጠፈው ኮብልስቶን በደረቁ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ በክረምት ደግሞ ያንሸራትታል። የቴላዮው መታጠፊያ እያንዳንዱን ንቅናቄ ይቀበላል፤ ቁልፉ በየጊዜው ካልጠበቀ ይላላል። ሲላላም በመሪው በኩል መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያንን በፍጥነት ላይ ሆኖ ማወቅ አያምርም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ፍሬኑ ነው። ሲወጣ ለከፍታው የዋለው 55 ዋት ሰዓት ሲወርድ የትም አይጠፋም፤ አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ የሚተርፈው ሙቀት በትንንሽ የፍሬን ሸራዎች ላይ ያርፋል ማለት ነው። «ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል» የሚባለውንም አይመኑ፤ ከኋላ ጎማ መሐል ያሉት ባለ ማርሽ ትንንሽ ሞተሮች ሲወርዱ በነፃ የሚሽከረከሩ በመሆናቸው አንዲት ዋትም አይመልሱም። የሞከርኩት ብስክሌት የሽቦ ዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ ስደርስ እጅ የሚያቃጥል፣ ሽቦውም የላላ ሆኖ አገኘሁት። አምራቹ ለሜዳ ከተማ የሠራውን ፍሬን እኛ ለተራራ እየተጠቀምንበት ነው። የጎማ ጠርዝ የሚጨብጠው ተራ ፍሬንማ ለጉለሌ ሰው ቢከለከል ቅር አይለኝም።

እንጦጦ ድረስ ልሂድበት ለሚል ወጣት አንድ ምክር አለኝ፦ ተወው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው አቀበት በየመቶ ሜትሩ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚነሣ ነው። ባለ 250 ዋቱ ሞተር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጎተተ፣ እየጋለ ቢወጣ እንኳ መውረዱ ለትንሽ ጎማ አይሆንም። በመስከረም 2013 በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ለመዝናኛ መጋለብ ከፈለግህ በዚያው ባለ ትልቅ ጎማ ሳይክል ይዘህ ዙር።

የመንገዱን ነገር ካነሣን አይቀር ከተማው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ተጀመረ። ከእ.ኤ.አ. 2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂም ተዘጋጀ። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ ለብስክሌት የተለየ መሥመር አበጅቷል። መልካም ነው። ነገር ግን የብስክሌት መሥመር ሲሠራ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል፤ ዳገት ባለበት ከተማ ይህ ስሕተት ነው። ሽቅብ የሚወጣው ሰው በዝግታ ስለሚሄድ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ቁልቁል የሚወርደው ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህም ሰፊ መሥመር፣ እግረኛ የማይገባበት ጠርዝና ያልተሰባበረ አስፋልት ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ልክ መስፋት ለሜዳ የተጻፈ መመሪያን መገልበጥ ነው።

ሕጉም መጥራት አለበት። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክልን ሲያግድ፣ በኋላም በፈቃድ ሲያሠራ፣ ዓላማው ወንጀልን መከላከል እንደሆነ ተነግሯል። ፔዳል ያለው፣ ካልረገጡት የማይሄድ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ የሚቆም መሣሪያ ግን ከዚያ ጋር መመደብ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት መሥመሩን ያሰመረው በዚህ ልክ ነው፤ ከ250 ዋትና ከ25 ኪሎ ሜትር ያልበለጠው ብስክሌት ነው፣ የበለጠው ሞተር ነው። እኛም ይህችን አንድ አንቀጽ በግልጽ ብንጽፋት ትራፊክ ፖሊሱም ጋላቢውም ከመጨቃጨቅ ይድናሉ።

ከውጭ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ለምታስቡ፦ በአውሮፕላን አይሆንም። ተሳፋሪ ይዞት መግባት የሚችለው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ዋት ሰዓት ነው። የዚህ ብስክሌት ባትሪ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የወንድማችሁ ልጅ ከዋሽንግተን ብስክሌቱን ቢያመጣ ያለ ባትሪ ነው፤ ያም ከባድ ተራ ሳይክል ማለት ነው። እዚሁ ሲገዙም መለዋወጫ ባትሪ ያለው ሻጭ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ባትሪው ከ500 እስከ 800 ጊዜ ከተሞላ በኋላ አቅሙ ይደክማል። ከመነዳሪውን የሰፈሩ ጎሚስታ ይደፍነዋል፣ የባትሪውን ነገር ግን ለሰፈር ጠጋኝ አይስጡ። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ የተነሡ 268 ቃጠሎዎች ተመዝግበው 18 ሰዎች ሞተዋል። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚጫወትበት ሰፈር፣ ጣሪያው ኮርኒስ በሆነ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ልጆች ተኝተው ባትሪ ሰክቶ ማደር አይገባም። ቀን፣ ሰው እያየው፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር ይሞላ።

ዋጋው የብዙ ወራት ደመወዝ ስለሆነ ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ቤታችሁ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሆኖ ሥራችሁ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ከሆነ ይህ ብስክሌት ገንዘቡን ይመልሳል፤ የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ያለውን፣ ጎማው ከ20 ኢንች ያላነሰውን፣ ወፈር ያለውንም ምረጡ። አዲሱ ገበያ ለምትኖሩና የጎጃም በር ከባድ መኪና ጎን ለጎን ለሚወርድባችሁ፣ የተለየ መሥመር እስኪሠራ ቆዩ። የጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደርም ከሁሉ በፊት ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን የቁልቁለት ጎን ብቻ በጠርዝ ለይቶ ለብስክሌት ይስጥ። ሽቅቡን ለጊዜው ለሞተሩ ይተውለት።